ለመጻፍ የሚቸገሩ ተማሪዎችን የሚረዱ መሣሪያዎች ታሪካዊ አመጣጥ

በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማሪው ዕውቀት የሚመዘነው በአብዛኛው በጽሑፍ ነው። የሰማውን ማስታወሱ፣ ያነበበውን መረዳቱና በራሱ አእምሮ ማሰላሰሉ ዋጋ የሚያገኙት በወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ሐሳቡን በቃል አሳምሮ የሚገልጽ፣ ብዕር ሲይዝ ግን የሚሰናከል ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ስም ከሁለት አንዱ ነው፤ ሰነፍ ወይም ደካማ። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚያግዙ መሣሪያዎች ታሪክ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ሲሆን፣ ታሪኩን ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ጠቃሚ የሚያደርገው የፈጠራው ድንቅነት ሳይሆን መሣሪያው ተገኝቶ ወደ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ያለፈው ረጅም ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1896 በደቡብ እንግሊዝ በሲፎርድ ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዊሊያም ፕሪንግል ሞርጋን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉ ፐርሲ ተብሎ የተጠራው ይህ ልጅ ንቁና አስተዋይ፣ በጨዋታም ከእኩዮቹ የማያንስ ነበር። ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤትና በግል አስጠኚዎች ቢማርም አጫጭር ቃላትን እንኳ አስተካክሎ ለማንበብና ለመጻፍ አልቻለም። የገዛ ስሙን ሲጽፍ ሁለት ፊደሎችን አቀያየረ፤ ስሕተቱንም ደጋግመው እስኪጠይቁት ድረስ አላስተዋለውም። ይሁን እንጂ 749ን በ867 አባዛ ሲባል በፍጥነት ሠርቶ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። ለመምህራን ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን የሐኪሙ አስተያየት ሳይሆን ልጁን ለዓመታት ያስተማረው መምህር የሰጠው ምስክርነት ነው፤ ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ፐርሲ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የላቀ ይሆን እንደ ነበር ተናግሯል።

ሞርጋን ችግሩን ከልደት የመጣ የቃል ዕውርነት ብሎ ሰየመው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ግን ቀደም ብሎ በ1887 ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል ተጠቅሞ ነበር፤ ኋላ ጸንቶ የቀረውም ይኸው ስም ነው። የሞርጋን ጽሑፍ የሚያበቃው የችግሩ ምንጭ በአንጎል ውስጥ የት ሊሆን እንደሚችል በመገመት ነው። እንግዲህ መምህሩ የልጁን ብልህነት አይቷል፤ ሐኪሙም ለችግሩ ስም አውጥቶለታል። የጽሕፈት መኪናም በሬሚንግተን ኩባንያ እየተሠራ ለገበያ መዋል ከጀመረ 22 ዓመት ሆኖት ነበር። ሦስቱ ግን አልተገናኙም።

ይህን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው የጽሕፈት መኪና ጥንቱንም ከአካል ጉዳት ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑ ነው። ጣሊያናዊው ፔሌግሪኖ ቱሪ በ1808 አካባቢ ዓይነ ስውር ለነበሩት ወዳጁ ለወይዘሮ ካሮሊና ፋንቶኒ መጻፊያ መኪና ሠራላቸው። መኪናው ዛሬ የለም፤ እመቤቲቱ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ግን ተጠብቀው ይገኛሉ። በየቢሮው የሚታወቀው የካርቦን ወረቀት ሳይቀር የመጣው ከዚሁ ምንጭ ነው። እንግሊዛዊው ራልፍ ዌጅውድ በ1806 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የካርቦን ወረቀት ከብረት ጫፍ ጋር አገልግሎት ላይ ሲውል ቀለም አያስፈልግም ነበርና ዓይነ ስውር ሰው ብልቃጥ ሳይደፋና ብዕሩ መድረቁን ማየት ሳያስፈልገው ለመጻፍ ቻለ። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዊሊያም ፕሬስኮት በተማሪነቱ ዘመን ዓይኑ ተጎድቶ ስለ ነበር በ1837 ያሳተመውን የፈርዲናንድና የኢዛቤላ ዘመነ መንግሥት ታሪክ ሲያዘጋጅ የተጠቀመው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነበር። መሣሪያው መስመር እንዳይስት እጅን የሚመሩ የናስ ሽቦዎች የተዘረጉበት ሰሌዳ ነው። ሉዊ ብሬይልም በ1829 ካሳተመው የነጥብ ጽሕፈት በተጨማሪ፣ ዓይነ ስውራን ለሚያዩ ሰዎች የሚነበብ ደብዳቤ የሚጽፉበትን ሌላ ዘዴ በ1839 አወጣ፤ እርሱ ራሱ ዓይነ ስውር የነበረው ፒየር ፉኮም ለዚሁ የሚሆን መኪና በ1841 ሠራ።

ከእነዚህ ሁሉ ለመምህራን ቅርብ የሆነው የዴንማርኩ ራስሙስ ማሊንግ ሐንሰን ነው። በኮፐንሀገን የመስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ኃላፊ ስለ ነበር፣ ተማሪዎቹ በጣት ምልክት ፊደል ሲነጋገሩ በእጅ ጽሕፈት ከሚጽፉት እንደሚፈጥኑ አስተዋለ። ከዚህ በመነሣት ለእያንዳንዱ ጣት ሥራ የሚሰጥ፣ ቁልፎቹ በግማሽ ክብ ላይ የተሰኩ የጽሕፈት መኪና ፈልስፎ በ1870 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሪድሪክ ኒቼ ዓይኑ ሲደክም በ1882 ገዝቶ የሞከረው ይህንኑ መኪና ነው።

ከዚህ በኋላ መኪናው ቢሮ ገባና የጸሐፊዎች መተዳደሪያ ሆነ። ትምህርት ቤት ሲገባም የገባው ለንግድ ሥራ ትምህርት እንጂ ለሕፃናት ጽሕፈት አልነበረም። የእጅ ጽሕፈት በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሥርዓትና የጠባይ መለኪያ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበር፣ ብዕርን ትቶ በመኪና መጻፍ እንደ ማቋረጫ ተቈጠረ። ከ1929 እስከ 1931 ድረስ ቤን ዉድና ፍራንክ ፍሪማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ14 ሺህ በላይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያቀፈ ሰፊ ጥናት አካሄዱ። በ1932 በታተመው ውጤት መሠረት መኪና የተሰጣቸው ልጆች ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ጽፈዋል፤ በአንዳንድ የትምህርት ዓይነቶችም መጠነኛ ብልጫ አሳይተዋል። የጥናቱን ወጪ ከረዱት መካከል የጽሕፈት መኪና ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ ውጤቱን በጥንቃቄ መመልከት ተገቢ ነው። ዋናው ጉድለቱ ግን ሌላ ነው። ጥናቱ የተመለከተው ተማሪዎችን በጅምላ ነበር፤ መኪናው ከሁሉ ይልቅ ለማን እንደሚያስፈልግ ለይቶ አልጠየቀም።

የነገሩ ሥር መጻፍ አንድ ሥራ ነው የሚለው እምነት ነው። በእርግጥ ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንደኛው ሐሳብን ማፍለቅ፣ መምረጥና ማደራጀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን ሐሳብ በፊደልና በፊደል አጣጣል ሥርዓት መክተብ ነው። ይህን ልዩነት የኢትዮጵያ ቤተ ክህነት ትምህርት ቀደም ብሎ ያውቀው ነበር። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው በአእምሮው ነው፤ ለመምህሩም በቃሉ ያሰማል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል። ብራና መዳመጥ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽና ቁም ጽሕፈት መጣል ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነበር። ቅኔ ዐዋቂ ሆኖ ቁም ጽሕፈት የማያውቅ ሰው ከሊቅነቱ የሚጐድልበት ነገር አልነበረም፤ ዓይነ ስውራን የሆኑ የቅኔና የዜማ መምህራንም በወንበራቸው ተከብረው አስተምረዋል። በቤተ መንግሥትም ቢሆን ንጉሡ የሚያጽፈው ደብዳቤ በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ስለ ተጻፈ የንጉሡ ቃል መሆኑ አይቀርም ነበር። ይህ ሲባል የቀድሞው ትምህርት ለሚቸገር ልጅ ርኅሩኅ ነበር ማለት አይደለም። በንባብ ቤት ፊደል መለየት ያቃተው ልጅ እዚያም ቢሆን ከአለንጋ አልዳነም።

በምዕራቡ ዓለም ችግሩ የትምህርት ሥርዓቱ ጉዳይ ሆኖ ለመታወቅ ከፐርሲ በኋላ ብዙ ዓመታት ወስዷል። አሜሪካዊው ሳሙኤል ከርክ በ1963 በቺካጎ ለተሰበሰቡ ወላጆች ንግግር ሲያደርግ የመማር እክል የሚለውን ስያሜ አስተዋወቀ፤ ወላጆቹም በዚያው ስም ማኅበር መሠረቱ። በ1975 የአሜሪካ ምክር ቤት አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ ያለ ክፍያ ተገቢ ትምህርት እንዲያገኙ የሚያዝዘውን ሕግ አወጣ፤ የመማር እክልም በሕጉ ውስጥ ተካተተ። ደጋፊ መሣሪያዎችን የሚመለከት ሕግ በ1988 ተከተለ። በ1997 ደግሞ ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ የግል የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ቡድን ደጋፊ መሣሪያ ያስፈልገው እንደ ሆነ እንዲመረምር ግዴታ ሆነበት።

ሕጉ እንዲህ ሲራመድ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ከሌላ አቅጣጫ ይመጡ ነበር። በስኮትላንድ በደንዲ ዩኒቨርሲቲ አለን ኒውዌልና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ቃልን አስቀድሞ የሚገምት የኮምፒዩተር ዘዴ ሠሩ። ዓላማው እጃቸው በሕመም የደከመ ሰዎች ቁልፍ የሚመቱበትን ብዛት ለመቀነስ ነበር። ጸሐፊው የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ሲመታ ኮምፒዩተሩ በዚያ ፊደል የሚጀምሩ፣ በብዛት የሚያገለግሉ ጥቂት ቃላትን ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ተፈላጊው ቃል ከተገኘ በአንድ ምት ይገባል፤ ካልተገኘ ሁለተኛው ፊደል ይመታል። ዘዴው በትምህርት ቤቶች ሲሞከር ግን እጃቸው ጤነኛ የሆነ፣ ፊደል አጣጣል ብቻ የሚያስቸግራቸው ልጆችም በእጅጉ እንደ ተጠቀሙበት ታየ። ለእነዚህ ልጆች ጥቅሙ ድካም መቀነሱ አልነበረም። ቃሉን ከባዶ ከማስታወስ ይልቅ ከተዘረዘሩት መካከል መለየት ስለሚቀል ነው።

ቻርልስ ማክአርተር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1998 ይህን ዘዴ ከሚያነብ ድምፅ ጋር አጣምረው በ9 እና በ10 ዓመት ዕድሜ ባሉ አምስት ልጆች ላይ ሞከሩት። ከአምስቱ የአራቱ ጽሑፍ አስቀድሞ ሊነበብ የሚችለው ከቃላቱ ከ55 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነበር፤ በመሣሪያው ሲጽፉ ግን ከ90 እስከ 100 በመቶ ደረሰ። ይህ ቍጥር ከልጁ ወገን ሲታይ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመምህር ማስረዳት አያስፈልግም። ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለው ብቻ የሚነበብ ድርሰት አርሞ የሚያውቅ መምህር፣ ከማይነበበው ክፍል ውስጥ ሐሳብ ይኑር አይኑር ሊፈርድ እንደማይችል ያውቃል። አምስተኛው ልጅ ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አላሳየም፤ መሣሪያው ለሁሉም እኩል መድኃኒት አይደለም።

የሚያነብ ድምፅ የተገኘውም እንዲሁ ለሌላ ዓላማ ነበር። ሬይመንድ ከርዝዋይል በ1976 ያስተዋወቀው የንባብ መኪና የታተመን ጽሑፍ በብርሃን አንብቦ በድምፅ ለዓይነ ስውራን የሚያሰማ ነበር። ግዙፍና ዋጋውም በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቈጠር በመሆኑ በቤተ መጻሕፍትና በተቋማት ካልሆነ በቀር አይገኝም ነበር። የኮምፒዩተር ዋጋ ሲቀንስ በዚሁ መሠረት ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞች በ1990ዎቹ ለሚያዩና ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ተማሪዎች ደረሱ። ለጽሕፈት ያላቸው ፋይዳ ተማሪው የራሱን ጽሑፍ መልሶ እንዲሰማ ማስቻላቸው ነው፤ ዓይን ያለፈውን የተዘለለ ቃል ጆሮ ይይዘዋልና።

ቃልን ሰምቶ የሚጽፍ ኮምፒዩተር ደግሞ በ1990 ለገበያ ቀረበ። ጄምስና ጃኔት ቤከር የሠሩት ይህ ፕሮግራም ዋጋው 9 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ተናጋሪው በእያንዳንዱ ቃል መካከል ቆም እንዲል ይጠይቅ ነበር። ሳያቋርጡ መናገር የተቻለው በ1997 ነው። በዚህ መካከል ኤሊነር ሂጊንስና ማርሻል ራስኪንድ በካሊፎርኒያ የመማር እክል ባለባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1995 አወጡ። ተማሪዎቹ በዚያ አስቸጋሪ ፕሮግራም እንኳ ሲጠቀሙ ያለ ረዳት ከጻፉት የተሻለ ነጥብ አግኝተዋል።

በመምህራን ዘንድ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ግን ይህ ለሌሎቹ ተማሪዎች ፍትሕ ነውን የሚል ነው። ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የሰጠው ማክአርተርና አልበርት ካቫሊዬ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሦስት መንገድ ድርሰት እንዲያቀርቡ ተደረገ፤ በእጅ በመጻፍ፣ ለኮምፒዩተር በመናገርና ለሰው በማጻፍ። የመማር እክል ያለባቸው ተማሪዎች በኮምፒዩተር ያቀረቡት ድርሰት በእጅ ከጻፉት የተሻለ ሆነ፤ ለሰው ያጻፉት ደግሞ ከሁሉም በለጠ። እክል የሌለባቸው ተማሪዎች ግን በሦስቱም መንገድ ያገኙት ውጤት አልተለያየም። መሣሪያው ሐሳብ የሚያቀብል ቢሆን ኖሮ ሁሉም ከፍ ባሉ ነበር።

የመሣሪያዎቹ ጉድለትም ሊሸሸግ አይገባም። ንግግርን የሚጽፍ ኮምፒዩተር ሲሳሳት የሚጽፈው የተበላሸ ቃል ሳይሆን ትክክለኛ ሆኖ ያለ ቦታው የገባ ቃል ነው፤ ይህን ስሕተት ለይቶ ለማውጣት ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው ደግሞ ማንበብ የሚያስቸግረው ልጅ ራሱ ነው። ፊደል አራሚ ፕሮግራምም ልጁ አንዱን ቃል በሌላ ቃል ፊደል ሲጽፍ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በእንግሊዝ አገር ቪንሰንት ኮኔሊና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳሳዩት የቁልፍ አመታት ሥልጠና ያላገኙ ልጆች በኮምፒዩተር ሲጽፉ በእጅ ከሚጽፉት ይዘገያሉ፤ የድርሰታቸውም ደረጃ እስከ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ገዝቶ ሥልጠናውን መተው ለልጁ ሁለተኛ እክል መጨመር ነው።

ይህ ሁሉ ልምድ የተገኘው በላቲን ፊደል ነው። ለአማርኛ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። የአማርኛ ሆሄያት ከ230 በላይ ስለሆኑ በጽሕፈት መኪና ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ቁልፍ መስጠት አይቻልም ነበር። በዚህ መስክ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ኢንጂነር አያና ብሩ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ፤ በአማርኛ መኪናዎችም ብዙዎቹ ሆሄያት ይጻፉ የነበረው ዋናውን ቅርጽ መትቶ ቅጥያውን በመጨመር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ደረጃ በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ ጽሑፉ ከመኪና ወደ መኪና ሳይበላሽ ለመተላለፍ በቅቷል። የአጻጻፉ ዘዴ ግን በብዙ ፕሮግራሞች በላቲን ቁልፎች ላይ የተመሠረተ ነው። «ቤ»ን አንድ ሙሉ ሆሄ አድርጎ የተማረ ልጅ መጀመሪያ የ«ብ»ን፣ ቀጥሎ የ«ኤ»ን ድምፅ ለይቶ ሁለት ባዕድ ፊደላትን እንዲመታ ይጠየቃል፤ «ተ»ንና «ጠ»ን ለመለየትም የላቲኑን ትንሽና ትልቅ ፊደል ማወቅ አለበት። ፊደል ለሚያስቸግረው ልጅ ይህ ሸክም መደረብ ነው። ግእዙ ሲነካ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን ቤተሰቦች ዘርግተው የሚያሳዩ የእጅ ስልክ ገበታዎች ግን ልጁ የሚያውቀውን የፊደል ገበታ መልሰው ስለሚያቀርቡለት ለዚህ ተማሪ የተሻሉ ናቸው።

የአማርኛ ግሥ በፊትና በኋላው ብዙ ቅጥያ ስለሚይዝም ቃላትን በዝርዝር ብቻ የሚያቀርብ ገማች ፕሮግራም ሩቅ አይሄድም፤ «መጣ»ን ያወቀ መሣሪያ «አልመጣችም»ን ካላወቀ ጥቅሙ ጥቂት ነው። የ«ሀ»፣ የ«ሐ»ና የ«ኀ»፣ የ«ሰ»ና የ«ሠ» ጉዳይም አለ። እነዚህን ማቀያየር ሊቃውንትም የሚለያዩበት ነገር ስለሆነ የመጻፍ እክል ምልክት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። መምህሩ ይልቅ ሊያስተውለው የሚገባው ከእኩዮቹ በኋላ ለረጅም ጊዜ «በ»ንና «ቨ»ን፣ «ነ»ንና «ኘ»ን የሚያምታታውን፣ ወይም የሆሄውን ቤት ዐውቆ ካዕቡን ከሣልሱ መለየት የሚያቅተውን ልጅ ነው። ጉግል ኩባንያ በ2017 በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛን መጨመሩ ለዚህ ልጅ አዲስ በር ከፍቷል።

ኮምፒዩተርም ሆነ ስልክ በሌለበት ትምህርት ቤት ግን በ2004ቱ ጥናት ከመሣሪያዎች ሁሉ የበለጠው ረዳት፣ ማለትም የሚጽፍ ሰው፣ አይታጣም። ለዓይነ ስውራን ተፈታኞች አንባቢና ጸሐፊ መመደብ በአገራችን የታወቀ አሠራር ሲሆን፣ በብሬይል የሚጽፍ ተማሪም ሥራው የራሱ ነውን ተብሎ አይጠየቅም። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትን ጉዳት ለይቶ አያበላልጥም፤ ተመሳሳይ አሠራር የመጻፍ እክል ላለበት ተማሪ በየትኛው የክፍል ደረጃና በማን ማረጋገጫ እንደሚፈቀድ መወሰን የዕቅድ አውጪዎች ሥራ ነው። በክፍል ውስጥ ሲሠራበት ጸሐፊው ተማሪው ያለውን ብቻ፣ በተናገረበት ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ቢሰበር አይጠግንም፤ ቃል ቢቸግረው አያቀብልም፤ አራት ነጥቡም የሚገባው ተማሪው ሲያዝዝ ነው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል፤ ተማሪውም በሰማው መሠረት እንዲለወጥ የሚፈልገውን ይናገራል።